የአንባቢያን ጥያቄ፦ የኬልስ ወንጌል ለመነበብ ነው ወይስ ለመታየት?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አምስቱ፣ ጸሐፊዎቻቸው የተማከሩ እስኪመስል ድረስ፣ ስለ አንድ መጽሐፍ የሚጠይቁ ሆነው አገኘናቸው። መጽሐፉ በአየርላንድ ዋና ከተማ በደብሊን፣ በትሪኒቲ ኮሌጅ ቤተ መጻሕፍት የሚገኘው፣ በ800 ገደማ በላቲን ቋንቋ በብራና የተጻፈው አራቱ ወንጌል ሲሆን፣ ለብዙ ዘመን ከተቀመጠበት ገዳም ስም የተነሣ የኬልስ መጽሐፍ ይባላል። በደብዳቤዎቹ የተደጋገመውን ቀንሰን እንደሚከተለው እንመልሳለን፤ ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

ጥያቄ፦ «በደብሊን የምኖር ነርስ ነኝ። እናቴ ከአገር ቤት ሊጠይቁኝ በመጡ ጊዜ የኬልስን መጽሐፍ ላሳያቸው ይዣቸው ሄድኩ። ሰልፍ ጠብቀን ስንገባ ያየነው በመስታወት ሣጥን ውስጥ የተዘረጋ መጽሐፍ ሁለት ገጽ ብቻ ነው። አስጎብኚዋ በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ የአጻጻፍ ስሕተት እንዳለ ስትናገር ለእናቴ ተረጎምኩላቸው፤ እርሳቸውም ‹ታዲያ ስሕተት ያለበት ወንጌል ምኑ ይሳለማል?› አሉኝ። መልስ አጣሁ። እርስዎ ምን ይላሉ?»

መልስ፦ እናትዎ ያነሡት ጥያቄ ስለዚህ መጽሐፍ የጻፉ ምሁራን ሲመላለሱበት የኖሩት ስለሆነ በአንድ ቃል የሚመለስ አይደለም። ስሕተቶቹ በእርግጥ አሉ። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 10 ቁጥር 34 ጌታ «ሰይፍን እንጂ ሰላምን ለማምጣት አልመጣሁም» ያለውን ሲገለብጥ፣ የኬልስ ጸሐፊ በላቲን ሰይፍ ማለት የሆነውን ግላዲዩም የሚለውን ቃል ጋውዲዩም አድርጎ ጻፈው። ጋውዲዩም ደስታ ማለት ስለሆነ፣ ከባዱ ቃል በዚህ ብራና ላይ የምሥራች ሆኖ ይነበባል። በሉቃስ ምዕራፍ 3 በተዘረዘረው የጌታ የዘር ሐረግ ውስጥ ደግሞ ማታቲኤ የሚለውን አንድ ስም ማታት እና ኢኤ ብሎ ለሁለት በመክፈሉ፣ ያልነበረ አንድ አያት ጨምሮለታል። እዚያው በሉቃስ ወንጌል አንድ ገጽ ሙሉ ሁለት ጊዜ ተጽፏል፤ ይህ ሲታወቅ ግን ገጹን እንደ መፋቅ ወይም ቅጠሉን እንደ ማውጣት፣ በቀይ ቀለም ትናንሽ መስቀሎች አድርገውበት ጽሕፈቱን ሳይነኩ አልፈውታል። የእኛ ቁም ጸሐፊዎች የተሳሳተውን ፊደል በስለት ፍቀው በላዩ እንደሚጽፉ ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር ነው።

ከስሕተቶቹ ይልቅ ግን የመጽሐፉን ጠባይ የሚገልጠው አንድ ጉድለት ነው። የቂሳርያው ኤጲስ ቆጶስ አውሳብዮስ በአራተኛው ክፍለ ዘመን፣ በቁጥር በተለዩ አንቀጾች የተከፋፈሉትን አራቱን ወንጌላት እያስተያየ፣ የትኛው የማቴዎስ አንቀጽ ከየትኛው የማርቆስ፣ የሉቃስ ወይም የዮሐንስ አንቀጽ ጋር እንደሚገጥም የሚያሳዩ ዐሥር ሰንጠረዦች አዘጋጀ። የመጀመሪያው አራቱም ወንጌላውያን በአንድነት የጻፉትን፣ የመጨረሻው ደግሞ እያንዳንዳቸው ለየብቻ የጻፉትን ይዘረዝራል። ይህ ሥርዓት ከግሪክ ወደ ሶርያ፣ ወደ ላቲንና ወደ ግእዝ ወንጌሎች ስለተሻገረ፣ የአገራችንን የጥንት አራቱ ወንጌል ገልጦ ያየ ሰው በመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ላይ በአዕማድና በቅስት ተከቦ የሚገኘውን የቁጥር ዝርዝር ያውቀዋል። ዝርዝሩ ሥራ ላይ የሚውለው ግን እነዚያው ቁጥሮች በወንጌሉ ኅዳግ ላይ፣ በየአንቀጹ አንጻር ሲጻፉ ነው። በኬልስ መጽሐፍ ሰንጠረዦቹ ዐሥር ገጽ ይዘው፣ አብዛኞቹ በአዕማድ፣ በቅስትና በአውሬ መልክ አጊጠው ተሠርተዋል፤ በኅዳጉ ላይ መጻፍ የነበረባቸውን ቁጥሮች ግን የጻፈ ሰው የለም። ስለዚህ በሰንጠረዡ እየተመራ ከማቴዎስ ወደ ማርቆስ ሊሻገር የፈለገ አንባቢ የሚደርስበት ቦታ አያገኝም።

እንዲህ ያለ ድካም ተደክሞበት እንዲህ ያለ ቀላል ነገር የቀረው መነኮሳቱ ሰነፎች ስለነበሩ ነው ማለት አይቻልም። በዛሬው ቁጥር 340 ቅጠል፣ ማለትም 680 ገጽ ካለው መጽሐፍ ውስጥ ጌጥ ያልነካቸው ገጾች ሁለት ብቻ ናቸው። በእኔ አስተያየት መጽሐፉ የተሠራው ተማሪ ተቀምጦ እንዲያጠናበት ሳይሆን፣ በበዓል ቀን በመንበር ላይ ሆኖ ወይም በካህን እጅ ከፍ ብሎ እንዲታይ ነው። በ1007 የተሰረቀበትን ሁኔታ የመዘገበው የአየርላንድ ዜና መዋዕልም መጽሐፉ የተወሰደው ከትልቁ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ምዕራባዊ ዕቃ ቤት እንደሆነ ይናገራል፤ ዕቃ ቤት ደግሞ ንዋየ ቅድሳት የሚቀመጡበት እንጂ ለንባብ የሚሆኑ መጻሕፍት የሚደረደሩበት ቦታ አይደለም። የዘወትሩን ንባብ ያነብ የነበረው ካህን ቃሉን በቃሉ የሚያውቅ ወይም ሌላ፣ ጌጥ የሌለው ወንጌል የሚጠቀም ነበር ብሎ መገመት አይከብድም።

ለእናትዎ እንዲህ ብለው ቢያስረዷቸው ይገባቸዋል ብዬ አምናለሁ፦ በቅዳሴ ጊዜ ዲያቆኑ ወንጌሉን ይዞ ሲቀርብ ምእመናን የሚሳለሙት ገጹን ገልጠው፣ ፊደሉን መርምረው አይደለም፤ ከሚሳለሙትም ብዙዎቹ ግእዙን አያነቡትም። የኬልስ መጽሐፍ የተሠራውም ይህንኑ ለመሰለ ክብር ነው።

ጥያቄ፦ «በጎንደር የብራና ሥራና የቁም ጽሕፈት ተማሪ ነኝ። የኬልስ ብራና ከምን ቆዳ የተዘጋጀ ነው? ቀለሙስ ከምን ተሠራ? በወርቅ የተጻፈ ነው የሚባለው እውነት ነውን?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምርና፣ በመጽሐፉ ገጾች ላይ አንዲት ነጥብ ወርቅ የለችም። ወርቅ መስሎ የሚያብረቀርቀው ብጫ፣ ኦርፒመንት የሚባል አርሴኒክ ያለበት ማዕድን ተፈጭቶ የተሠራ ነው፤ መርዛም ስለሆነ ሠዓሊው ብሩሹን በምላሱ ያሾለ እንደሆነ ለራሱ ወዮለት። ወርቅ የነበረው ከውጭ፣ በመሸፈኛው ላይ ነበር፤ የተሰረቀውም እርሱ ነው።

ቀዩ ከእርሳስ፣ አረንጓዴው ከመዳብ ዝገት፣ ሐምራዊው በድንጋይ ላይ ከሚበቅል የሽበት ዓይነት የተገኘ ነው። ስለ ሰማያዊው ለረጅም ጊዜ ሲጻፍ የኖረው ከአፍጋኒስታን ተራሮች ከሚወጣው ላፒስ ላዙሊ ከተባለው የከበረ ድንጋይ እንደተሠራ ነበር፤ በዚህ ክፍለ ዘመን በገጾቹ ላይ በጨረር የተደረገው ምርመራ ግን ድንጋዩን አላገኘም፤ ሰማያዊው የተገኘው ዎድ ከሚባል በአውሮፓ ከሚበቅል ቅጠል፣ ማለትም ከኢንዲጎ ነው። አፍጋኒስታን ድረስ የሚወስደው ታሪክ ስለሚጥም ይመስለኛል እስከ ዛሬም በየጉብኝት መጽሔቱ ያልጠፋው።

ቆዳው የጥጃ ነው። እኛ ዘንድ ብራና በአብዛኛው ከፍየል ሲዘጋጅ፣ የአየርላንድ መነኮሳት የሚመርጡት ጥጃን ነበር፤ ለመጽሐፉ 185 ያህል ጥጆች ሳያስፈልጉ እንዳልቀሩ ተገምቷል፤ ይህም መጽሐፉን ያሠራው ገዳም ምን ያህል የከብት ሀብት እንደነበረው ያመለክታል። በአውሮፓ ቆዳውን በኖራ ውሃ መንከር የተለመደ ሲሆን፣ በእኛ አሠራር ኖራ አይገባም። በእንጨት ላይ መወጠሩ፣ በስለት መፋቁ፣ መስመሩ ከመጻፉ በፊት በሾለ ነገር መወጋቱና መሰመሩ ግን እርስዎ በየቀኑ የሚሠሩት ሥራ ነው። ሁሉም ቅጠል አንድ ዓይነት አልወጣላቸውም፤ አንዳንዱ ወፍራም ሲሆን አንዳንዱ በስተጀርባው ያለው ጽሕፈት እስኪታይ ድረስ የሳሳ ነው። ብርዑ መቃ ሳይሆን የወፍ ላባ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ለጸሐፊ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ደስ ያሰኛል። ቃሉ በመስመሩ አልበቃ ሲል የእኛ ጸሐፊዎች የተረፈውን ፊደል ከመስመሩ መጨረሻ በላይ ወይም በታች አሳንሰው እንደሚያስገቡ ሁሉ፣ የኬልስ ጸሐፊዎችም የተረፈውን ቃል በላይኛው ወይም በታችኛው መስመር ባዶ ቦታ ያስገቡት ነበር። ልዩነቱ እነርሱ በቦታው ላይ ትንሽ አውሬ ወይም ሰው ሥለው «ወደዚህ ተመልከት» ማለታቸው ነው።

ጥያቄ፦ «የታሪክ መምህር ነኝ፤ የምጽፈው ከአዲስ አበባ ነው። መጽሐፉን ቅዱስ ኮሉምባ በእጁ እንደ ጻፈው አንብቤአለሁ። እውነት ነውን? ይህን ያህል ዘመንስ እንዴት ሊቆይ ቻለ?»

መልስ፦ ኮሉምባ በ563 ከአየርላንድ ተሻግሮ፣ በስኮትላንድ ምዕራባዊ ጠረፍ በምትገኘው በአዮና ደሴት ገዳም የመሠረተ አባት ሲሆን ያረፈው በ597 ነው። የመጽሐፉ አጻጻፍና ጌጥ ግን ከእርሱ ዕረፍት ሁለት መቶ ዓመት ያህል ዘግይቶ የመጣ ነው። ጽሕፈቱም የአንድ ሰው አይደለም፤ ፍራንስዋዝ ሄንሪ የተባለችው የጥበብ ታሪክ ምሁር ቢያንስ ሦስት ጸሐፊዎችንና ሦስት ዋና ሠዓሊዎችን ለይታለች፤ ከሠዓሊዎቹ አንዱንም፣ መስመሩ እንደ ጌጥ ሥራ የረቀቀ ስለሆነ፣ «ወርቅ አንጥረኛው» ብላ ሰይማዋለች። መጽሐፉ በጥንት መዝገብ፣ ኮሉምባ በአየርላንድ በሚጠራበት ስም፣ «ታላቁ የኮሉም ኪሌ ወንጌል» መባሉ፣ በእርሱ ገዳማት የተከበረ መሆኑን እንጂ የእጁ ጽሕፈት መሆኑን አያስረዳም።

በዚህ ነገር ግን በችኮላ አንፍረድ። በአድዋ አጠገብ በሚገኘው በእንዳ አባ ገሪማ ገዳም ያሉትን ወንጌሎች አባ ገሪማ፣ ፀሐይ ቆማላቸው፣ በአንድ ቀን እንደ ጻፉ ትውፊታችን ይናገራል፤ የጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ደግሞ ለብዙ ጊዜ መጽሐፎቹን ወደ 1100 ገደማ ያወርዷቸው ነበር። በኦክስፎርድ የተደረገው የካርቦን ምርመራ ግን አንዱን ከ390 እስከ 570፣ ሌላውን ከ530 እስከ 660 ባለው ጊዜ መካከል አስቀመጣቸው፤ ይህም ከኬልስ መጽሐፍ በፊት መሆናቸውን ብቻ ሳይሆን አባ ገሪማ ከነበሩበት ዘመን ጋር መቀራረባቸውን ያሳያል። በኮሉምባ ዘንድ ዘመኑ ከትውፊቱ ጋር አልገጠመም፤ በእኛ ዘንድ ግን ትውፊቱ ከምሁራኑ ግምት ይልቅ ወደ እውነቱ ቀርቦ ተገኘ።

ስለ መቆየቱ፦ በ806 ቫይኪንጎች የተባሉት የሰሜን አውሮፓ የባሕር ወራሪዎች አዮናን ወርረው 68 ሰዎች ገደሉ። ከዚያ በኋላ የማኅበሩ መነኮሳት በአየርላንድ ውስጥ በኬልስ አዲስ ገዳም አቋቋሙ። መጽሐፉ በአዮና ተጀምሮ በኬልስ ተፈጸመ የሚሉ አሉ፤ ሙሉ በሙሉ በአንደኛው ስፍራ ተሠራ የሚሉም አሉ። በ1007 በሌሊት ተሰርቆ፣ ከሁለት ወር ከሃያ ሌሊት በኋላ ወርቁ ተገፍፎ፣ አፈር ተደፍቶበት ተገኘ። ምናልባት የመጀመሪያዎቹና የመጨረሻዎቹ ቅጠሎች የጠፉት ያን ጊዜ ሊሆን ይችላል፤ ዛሬ የዮሐንስ ወንጌል ከምዕራፍ 17 በኋላ የለም።

በዐሥራ አንደኛውና በዐሥራ ሁለተኛው ክፍለ ዘመን ባዶ በቀሩት ገጾቹ ላይ የገዳሙ የመሬት ውሎች ተጽፈዋል። አንባቢዎቻችን ይህን ሲሰሙ እንግዳ አይሆንባቸውም፤ በሽመዛና በሚገኘው በደብረ ሊባኖስ ወርቀ ወንጌል ላይ የንጉሥ ላሊበላ የጉልት ስጦታ የተጻፈው በተመሳሳይ ምክንያት ነው። በወንጌል ላይ የሰፈረን ውል ለመካድ የሚደፍር እምብዛም ነው። በ1650ዎቹ የእንግሊዙ የጦር መሪ የኦሊቨር ክሮምዌል ፈረሰኞች በኬልስ ሲሰፍሩ መጽሐፉ ለጥበቃ ወደ ደብሊን ተላከ፤ በ1661 ገደማም ለትሪኒቲ ኮሌጅ ተሰጠ።

እንግዲህ ከወንበዴና ከጦር የተረፈው መጽሐፍ የበለጠ የተጎዳው በወዳጆቹ እጅ ነው። በዐሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የጠረዘው ሰው ዳር ዳሩን ሲያስተካክል ከጌጡ ቆርጦ ጣለ። በ1849 ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤታቸው ልዑል አልበርት ሲጎበኙት ስማቸውን እንዲፈርሙበት ተጋበዙ፤ ደግነቱ የፈረሙበት ቅጠል ጠራዡ በኋላ የጨመረው ስለነበር ሊነሣ ችሏል። በ1953 ሮጀር ፓወል የተባለው ጠራዥ በአራት ክፍል አድርጎ በጥንቃቄ ጠረዘው፤ አንባቢያችን ከደብሊን እንደ ጻፉልን ጎብኚ ሁለት ገጽ ብቻ የሚያየው ስለዚህና ብርሃን ቀለሙን እንዳያጠፋው በመፍራት ነው። በ2000 የማርቆስ ወንጌል ያለበት ክፍል ለትርኢት ወደ አውስትራልያ፣ ወደ ካንቤራ ሲወሰድ እንኳ ከአውሮፕላኑ ሞተር ንዝረት የተነሣ ሳይሆን እንዳልቀረ በተገመተ ምክንያት ቀለሙ ጥቂት ተጎድቷል።

ጥያቄ፦ «የምኖረው በአሜሪካ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የአየርላንድ መነኮሳት ጥበባቸውን ከግብፅና ከኢትዮጵያ እንደ ተማሩ የሚናገር ሰው ሰምቼ ተከራክሬአለሁ። ፍርዱን ለእርስዎ ትቼዋለሁ።»

መልስ፦ ለሁለታችሁም ግማሽ ግማሽ እፈርዳለሁ። ኢትዮጵያዊ መነኩሴ አየርላንድ ደርሶ አስተማረ የሚያሰኝ ማስረጃ የለም፤ በኬልስ ገጾች ላይ ያለው ጥልፍልፍ ሐረግም ከእኛ ሐረግ ጋር መመሳሰሉ ብቻውን ምስክር አይሆንም። የሰሜን አውሮፓ ሕዝቦች እንዲህ ያለውን ጥልፍልፍ በሰይፍ እጀታና በመርፌ ቁልፍ ላይ ይሠሩበት ነበር፤ በእኛ ወንጌሎች ላይ ሐረጉ የተስፋፋው ደግሞ ከኬልስ ብዙ ዘግይቶ ነው።

የግብፅ ነገር ግን እንዲሁ የሚጣል አይደለም። በ2006 በአየርላንድ በቲፐሬሪ አውራጃ፣ አፈር ሲቆፈር ከረግረግ ውስጥ ከኬልስ ጋር የሚቀራረብ ዕድሜ ያለው የመዝሙረ ዳዊት ብራና ተገኘ፤ ከቆዳ የተሠራው ሽፋኑ በውስጥ በኩል በፓፒረስ ተለብጦ ነበር። ፓፒረስ በአየርላንድ አይበቅልም። ሽፋኑ ራሱ ከምሥራቅ መጣ ወይስ ፓፒረሱ ብቻ በንግድ ደረሰ የሚለው ቢያከራክርም፣ መንገድ እንደነበረ ግን ያስረዳል። በኬልስ መጽሐፍም ውስጥ እመቤታችን ልጇን ይዛ የተቀመጠችበት ሥዕል፣ በምዕራብ አውሮፓ ብራናዎች ላይ ከተረፉት የእርሷ ሥዕሎች ሁሉ የመጀመሪያው ነው፤ ብዙዎችም ምንጩን በምሥራቅ ይፈልጉታል።

እኔን ይበልጥ የሚያሳምነኝ ሌላ ነው። በአየርላንድ በየገዳሙ ቅጥር ግቢ በቆሙት ረጃጅም የድንጋይ መስቀሎች ላይ፣ አባ እንጦንስና አባ ጳውሊ በበረሃ ተገናኝተው ቁራ ያመጣላቸውን እንጀራ ሲቆርሱ ተቀርጸው ይታያሉ። ስንክሳር የሚሰማ ኢትዮጵያዊ ማንም ሳይተረጉምለት ያውቃቸዋል። ስለዚህ የአየርላንድ መነኮሳት ከእኛ ተማሩ ከማለት፣ እኛም እነርሱም ከአንድ በረሃ አባቶች ተማርን ማለት ይሻላል፤ የአውሳብዮስ ሰንጠረዥ በአድዋና በኬልስ መገኘቱም እንዲሁ ከጋራ ምንጭ የመጣ ነው።

ጥያቄ፦ «ደብሊን የመሄድ ዕድል የለኝም። ሥዕሎቹን በኢንተርኔት ባያቸው ከየትኛው ልጀምር? (ከባሕር ዳር)»

መልስ፦ ቤተ መጻሕፍቱ ሙሉ መጽሐፉን በነፃ በድረ ገጹ ስላቀረበ፣ ደብሊን ከሄደው ጎብኚ ይልቅ እርስዎ የበለጠ ያያሉ። ከ34ኛው ቅጠል የፊት ገጽ ይጀምሩ። በዚያ ገጽ የማቴዎስ ምዕራፍ 1 ቁጥር 18፣ «የኢየሱስ ክርስቶስም ልደት እንዲህ ነበረ» የሚለው ይጀምራል። ኪ እና ሮ የተባሉት የክርስቶስ ስም የግሪክ ፊደላት ገጹን ከሞላ ጎደል ስለያዙት፣ በገጹ ላይ የሰፈሩት ሦስት ቃላት ብቻ ናቸው፤ የቀረው በክብ፣ በጥምዝምዝና በመልአክ ፊት የተሞላ ነው።

ምስሉን አጉልተው ወደ ገጹ ግርጌ ይውረዱ። ሁለት ድመቶች ተቀምጠው፣ ሁለት አይጦች ክብ የቅዱስ ቁርባን ኅብስት የመሰለ ነገር በአፋቸው ይዘው ሲጓተቱ ይመለከታሉ፤ በድመቶቹ ጀርባ ላይም ሌሎች ሁለት አይጦች ወጥተዋል። ትርጉሙን አንዱ ስለ ሥጋ ወደሙ ክብር ነው ሲል፣ ሌላው በጎተራ አይጥ የተማረረ መነኩሴ ቀልድ ነው ይላል፤ እኔ ከሁለተኛው ጋር ነኝ። ከእነርሱ ወደ ቀኝ ሲሄዱ፣ ጥቁር የውሃ ዳር እንስሳ ዓሣ ነክሶ ያገኛሉ፤ እርሱን ለማየት ምስሉን ይበልጥ ማጉላት ያስፈልግዎታል።